ልጆቼን አቆርባለሁ፣ እኔ ግን ስለምን እሸሻለሁ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ናት፤ በሰማንያ ያገባች የሁለት ልጆች እናት። «እሑድ እሑድ ልጆቼን አቆርባለሁ፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም» ትላለች። «የንስሐ አባታችን ‹ተዘጋጁ› ባሉን ቁጥር ምክንያት አናጣም። ባለቤቴ ነጋዴ ነው፤ ‹ቅድስና የመነኮሳት ነው፣ እኛን ይተዉን› ይላል። እኔ ደግሞ አምና እናቴ ታማ፣ ጠበል ተመላልሳ፣ ሁላችንም አልቅሰን ጸልየን አረፈችብኝ። አንዲት ዘመዳችን ‹እምነታችሁ ጎድሎ ነው› አለችን። ከዚያ ወዲህ ልቤ ቀዝቅዟል። ሰው ቅድስናን የሚሸሸው ለምንድን ነው? የእግዚአብሔር ሥራ ሳይገባኝ አምነዋለሁ ማለትስ ራሴን ማታለል አይሆንብኝም ወይ? መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት አድርገሽ ጻፍሽው እንጂ ለእኔ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ እየቆየ ይገለጥልሻል። መልሴ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ራስሽንም ባለቤትሽንም ከከሓዲ ወገን አትቁጠሪ። እሑድ ጠዋት የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ወደየትኛውም ደብር ጎራ ብትዪ የሚሰለፈው ሰው ይታወቃል። እናቱ የታቀፈችው ሕፃን አለ፣ ነጠላ ተከናንቦ ቆሞ የሚያንቀላፋ የአምስት ዓመት ልጅ አለ፣ መቋሚያ የተደገፉ አባት አሉ፣ ቆብ የደፉ እናቶች አሉ። መሐሉ ሳሳ ያለ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይህን መልክ መለወጥ ጀምረዋል፣ ተመስገን ነው። ቢሆንም የነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የባለትዳሩ ቦታ ዛሬም ግቢው ነው፤ ዛፉ ሥር፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ።

ያ ግቢ ውስጥ የቆመው ሰው ደግሞ ሃይማኖት የሚጠላ ሰው አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ይከርማል። በስቅለት ጉልበቱ እስኪከዳው ይሰግዳል። ታቦት ሲያልፍ አስፋልት ላይ ይንበረከካል። በትንሣኤ ሌሊት ሥጋና ደሙ ሲቀርብ ግን ወደ ኋላ ይላል፤ 55 ቀን የተዘጋጀለትን ማዕድ ሳይቀምስ ዶሮ ወጡ ወዳለበት ቤቱ ይሮጣል። ይህን ሰው እግዚአብሔርን ይሸሻል አትይውም፤ ጾሙንና ስግደቱንማ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ይችልበታል። የሚሸሸው መቅረቡን ነው። ቅድስና ከሩቅ ሲሆን ማንንም አያስጨንቅም፤ ሥዕል ተሠርቶ ሲሰቀል ያምራል፣ በዓል ሆኖ ሲመጣ ያስደስታል። ጣጣው የሚጀምረው ቤት ልግባ ሲል ነው።

ፍርሃቱን የተማርነው ከቅዳሴው ከራሱ ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ስትቆሚ ሳታዪው አልቀረሽም፦ ካህኑ እጁን ይታጠብና ሳያደርቀው ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ውሃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ፣ ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን ለሰይጣንና ለመልእክተኞቹ በተዘጋጀው በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል አይቀበል ይላል። በልቡ ቂም የያዘ፣ ዝሙት ያለበት እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል፤ በድፍረት ብትቀርቡ እኔ ከደማችሁ ንጹሕ ነኝ ብሎ ይጨርሳል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ግእዙን የማያውቀው እንኳ የካህኑን እጅ አይቷል።

ጥፋቱ ማስጠንቀቂያውን እንደ ክልከላ መውሰዳችን ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27 በማይገባ አኳኋን የሚበላና የሚጠጣ ሰው ዕዳ እንዳለበት ጽፏል፤ ይህን ቁጥር ግቢ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውን 28ኛውን ቁጥር የሚያስታውስ ግን ብዙ አላጋጠመኝም፦ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ።» ይፈትንና ይቅር አላለም። የቆሮንቶስ ሰዎች ጥፋት ምን እንደነበረም እዚያው ከፍ ብሎ 21ኛው ቁጥር ላይ ተጽፏል፤ አንዱ የራሱን እራት ቀድሞ በልቶ ይሰክራል፣ ሌላው ይራባል። ሐዋርያው የተቆጣው ድኻ ወንድሙን አስርቦ በጌታ ማዕድ ላይ በሚሰክር ባለጠጋ ነው። ይህን ቁጣ ኃጢአቷን እያሰበች በራፍ ላይ የቆመች እናት ለራሷ ስትወስደው ሳይ ያሳዝነኛል።

የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስልሽ። በ4ኛው መቶ ዘመን አንጾኪያ ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ ሕዝቡን በዚሁ ጉዳይ ይወቅስ ነበር፤ መሥዋዕቱ በየዕለቱ ይቀርባል፣ የሚቀበል ግን የለም፣ በመሠዊያው ፊት የምንቆመው በከንቱ ነው እያለ። በዓመት አንዴ በበዓል ቀን እየተጋፋ የሚቀበለውንም አላመሰገነውም፤ ኅሊናውን አንጽቶ የሚቀርበውን እንጂ። ሽሽቱ ዕድሜ ጠገብ ነው።

ፍርሃት ግን ሁልጊዜ ብቻውን አይሄድም። «አልበቃሁም» የሚለው ቃል ገለጥ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ ነገር ይገኛል። ይህን ለማሳየት ከጌርጌሴኖን ሰዎች የተሻለ ታሪክ የለኝም፤ ማርቆስ ምዕራፍ 5ን አውጪ። በመቃብር የሚኖር፣ ሰንሰለት የሚበጥስ፣ ሌሊትና ቀን የሚጮኽ፣ ሰውነቱን በድንጋይ የሚቧጭር አንድ ሰው ነበር። አገሬው ከእሱ ጋር መኖርን ለምዶታል። ሰንሰለት አዘጋጅቶለታል፤ ማቴዎስ እንደሚነግረን በዚያ መንገድ የሚያልፍም አልነበረም። ክፉ ነገር ነው፣ ግን የታወቀ ክፉ ነው፤ መንገዱም መላውም ተበጅቶለታል። ጌታ መጥቶ ሰውየውን ፈወሰው። አጋንንቱ 2,000 ያህል እሪያዎች ውስጥ ገቡ፣ እሪያዎቹም ከአፋፉ ተጣድፈው ባሕር ውስጥ ሰጠሙ። ሰው ሁሉ የሆነውን ሊያይ ወጣ።

አሁን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ያ ሰው ልብስ ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ፈሩ። ሲጮኽ የኖረውን ሰው ችለውት ነበር፤ የዳነውን ግን መቻል አቃታቸው። ያዩት ሰዎችም በሰውየው የሆነውን፣ ደግሞም የእሪያዎቹን ነገር አወሩላቸው። ወዲያው ጌታን ከአገራችን ሂድልን ብለው ለመኑት። አልሰደቡትም፣ ድንጋይም አላነሡም። በልመና አባረሩት። አንድ ሰው መዳኑን የደስታ ቀን አድርገው ሊያከብሩት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓይኑ የሄደው ወደ ባሕሩ ነው። ይህ ሰው ዛሬ 2,000 እሪያ ካስከፈለን፣ ቢያድርብን ነገ ምን ሊያስከፍለን ነው?

ባለቤትሽን አላውቀውምና ልፈርድበት አልፈልግም። ነገር ግን «ቅድስና የመነኮሳት ነው» የሚል ንግግር ስሰማ የእሪያዎቹ ነገር ትዝ ይለኛል። ምክንያቱም «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» የሚለው የዘሌዋውያን 19 ቃል የተነገረው ለእስራኤል ልጆች ማኅበር ሁሉ ነው፤ ከብት አርቢው፣ አራሹ፣ ነጋዴው፣ ባልቴቷ ሳይቀሩ። ከዚያ የሚከተለውን ዝርዝር ተመልከቺ። እናትና አባትህን ፍራ። እርሻህን ስታጭድ ቃርሚያውን ለድኻና ለእንግዳ ተው። የሠራተኛህ ዋጋ እስኪነጋ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር። ደንቆሮን አትስደብ፣ በዕውር ፊት እንቅፋት አታኑር። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሚዛንህ፣ መመዘኛህ፣ መስፈሪያህ እውነተኛ ይሁን ይላል።

መነኩሴ እኮ ሚዛን የለውም! ይህ ሕግ የተጻፈው ሱቅ ላለው ሰው ነው። የዕቃ አውራጁን የቀን ዋጋ፣ ለገዢው ሳይነገር የታለፈውን የዕቃ ጉድለት፣ ጭማሪ ይመጣል ተብሎ መጋዘን የተዘጋበትን ዘይት ይነካል። ስለዚህ ቅድስናን ጠቅልሎ ወደ ገዳም መላክ ትሕትና ይምሰል እንጂ አንዳንዴ ጥሩ አድርጎ የተሠራ ሒሳብ ነው። ጌታችንም በዮሐንስ 3፥20 ክፉ የሚያደርግ ሥራው እንዳይገለጥበት ወደ ብርሃን አይመጣም ብሏል። ባልሽን በዚህ አትውቀሺው፤ መጀመሪያ በራሴ ላይ፣ በራስሽም ላይ እናንብበው።

ሌላም አለ፣ ይቅር በይኝና ትዳራችሁ ነው። ቆርበው የተጋቡ ሰዎች እንደ ሰማንያው ፈርመው እንደማይፋቱ አገር ያውቃል። ቁርባንን የሚሸሹ ብዙ ባልና ሚስት መለያየት ፈልገው አይደለም፤ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ተፋቅረው የኖሩ አሉ። ብቻ በሩ ገርበብ እንዳለ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ቁረቡ ስትያቸው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉሻል። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ መለኮት እሳት ብትሰብኪው አይሰማሽም፤ እሱ ያሳሰበው ቁልፉ ነው። ከባለቤትሽ ጋር አንድ ቀን ልጆቹ ሲተኙ፣ «ይህ ነገር ይሆን እንዴ የያዘን?» ብለሽ ብትጠይቂው ከመቶ ስብከት ይሻላል። ተቆጥቶ መልስ ከሰጠሽ አልተሳሳትሽም ማለት ነው።

የሰው አፍም አለ። ቆራቢ የተባለ ሰው በሰፈር ይጠበቃል። ሠርግ ላይ እስክስታ ብትወርጂ፣ ከጎረቤት ጋር ድምፅሽን ከፍ ብታደርጊ «ቆራቢ ሆና!» ይባላል። ያልቆረበው ያንኑ ቢያደርግ ማንም ትዝ አይለውም። ቅድስናን ለገበያ ያወጡ፣ በስሙ የሚነግዱ ሰዎች መኖራቸውም ሌላ ሰበብ ነው፤ ባለቤትሽ በእንዲህ ያሉት ተጎድቶ ከሆነ ቁስሉ እውነተኛ ነውና ከመምከርሽ በፊት አዳምጪው።

እንግዲህ የፈራ ሰው ምን ያድርግ? ነቢዩ ኢሳይያስም ፈርቶ ነበር። ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ጌታን በከፍተኛ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ሱራፌልን «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ሲሉ ባየ ጊዜ ወዮልኝ፣ ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝና ጠፍቻለሁ አለ። ይህን ብሎ ግን ከቤተ መቅደሱ አልወጣም። ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው ፍሕም በጉጠት ወስዶ ከንፈሩን ነካው፤ ከንፈሩ አልተቃጠለም፣ በደሉ ተወገደ። ደሙ የሚቀዳበትን ዕርፈ መስቀል አይተሻል፤ ሊቃውንቱ በዚህ ጉጠት ይመስሉታል። ያ ልጆችሽ ጋ የሚደርሰው ዕርፈ መስቀል የኢሳይያስን ፍሕም የያዘ ነው። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ እሳት ነውና። ብቻ ፍርሃቱን ይዘሽ የምትሄጂው ወዴት ነው? ኢሳይያስ እዚያው ቆሞ ተናዘዘ።

ለአንተ አይገባኝም ብሎ የሸሸ ሰው ከሐዋርያትም መካከል አለ። በጸሎተ ሐሙስ አባቶች የምእመናንን እግር ሲያጥቡ፣ በወይራና በወይን ቅጠል ሲያብሱ አይተሻል። ያ ሥርዓት የሚያስታውሰን ዮሐንስ 13ን ነው። ጌታ ወገቡን ታጥቆ፣ ውሃ በመታጠቢያው አፍስሶ ወደ ጴጥሮስ ሲደርስ ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» አለ። ከላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ትሕትና የለም። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው፤ ያንን የመሰለ ትሕትና አልተቀበለለትም። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ከዚያ በፊት የተናገረው ነው፦ «እኔ የማደርገውን አንተ አሁን አታውቅም፥ በኋላ ግን ታስተውለዋለህ።»

ሁለቱን ጥያቄሽን አንድ ነው ያልኩሽ እዚህ ላይ ነው። ጴጥሮስ እግሩን የሸሸገው ስላልገባው ነው። ጌታም አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ አላስረዳውም፤ እግሩን ነው የጠየቀው። ያብራራላቸው አጥቦ ጨርሶ፣ ልብሱን አንሥቶ፣ ዳግመኛ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያደረግሁላችሁን ታስተውላላችሁን አላቸው። የመረዳቱ ተራ ከመታጠቡ በኋላ ሆነ።

አንቺም ብትሆኚ የመጀመሪያውን ቁርባንሽን በ80 ቀንሽ በተጠመቅሽበት ዕለት ተቀብለሻል። ወንድምሽ ካለ በ40 ቀኑ። ያን ዕለት ማንም «ገብቷታል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ይህን የምልሽ አእምሮሽን ቤት ትተሽ ነይ ለማለት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የተቀበለችበት ቅደም ተከተል ይህ መሆኑን እንድታዪልኝ ነው። ማርያም ድንግል ራሷ መልአኩን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠይቃለች፤ መጠየቅ ነውር ቢሆን ኖሮ እርሷ አትጠይቅም ነበር። መልሱ ግን ሁሉን የዘረዘረ አልነበረም። ስለ ሄሮድስ፣ ወደ ግብፅ ስለ መሰደድ መልአኩ አንዳች አልነገራትም። በነፍሷ ሰይፍ እንደሚያልፍ ስምዖን የነገራት ሕፃኑን ታቅፋ ቤተ መቅደስ ከገባች በኋላ ነው። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ያለችው ይህ ሁሉ ሳይነገራት ነው።

«ራሴን ማታለል አይሆንም ወይ?» ብለሻል። ራስን ማታለል የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ነው። ዘመዳችሁ «እምነታችሁ ጎድሎ ነው» ስትል የተናገረችው የማታውቀውን ነው፤ እግዚአብሔር ምክሩን አላካፈላትም። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር እንዲህ ነበሩ። መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበራቸው፦ በድለህ ነው፣ ልጆችህ በድለው ነው። ኢዮብ በበኩሉ እየጮኸ «ለምን?» ይላል፣ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? ምዕራፍ 42፥7ን እይ፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው፣ ለሦስቱ።

በዚህ መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በምዕራፍ 1 እና 2 ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ኢዮብን እንደከሰሰው እኛ እናውቃለን። ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ በተናገረው ጊዜ እንኳ ስለ ምድር መሠረት፣ ስለ ባሕር በር፣ ስለ ሜዳ አህያ ነው የጠየቀው፤ «ልጆችህ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል አንድ መስመር የለም። ኢዮብም በጆሮ ሰምቼህ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ ብሎ ረካ። የጠየቀውን መልስ ሳይሆን መልሱን የጠየቀውን አምላክ አገኘ። ስለ እናትሽ ሞት ምክንያት እፈልግልሻለሁ ብል እኔም አራተኛው ወዳጅ መሆኔ ነው።

የዘመዳችሁን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ብዙ ሰው ያቆሰለ አነጋገር ነውና። ጨርቁ ድውያንን የፈወሰው ጳውሎስ (ሐዋርያት ሥራ 19፥12) ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ራሱ ጽፎታል። ለሆዱ ሕመምና ለደጋጋሚ ድካሙ ጢሞቴዎስን ጥቂት የወይን ጠጅ ውሰድ አለው እንጂ እምነትህ ጎድሏል አላለውም። ለራሱም የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። መቼም የጳውሎስ እምነት ጎድሎ ነው የሚል የለም። እናትሽን ሐኪም ቤትም ጠበልም ወስዳችሁ ከሆነ ደግሞ በዚህም የሚወቅሳችሁን አትስሚ። በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም።

ታዲያ ሳይገባኝ በምን ላይ ልታመን ትይ ይሆናል። በባዶ ላይ ታመኚ አልልሽም። ዮሐንስ 6 ላይ ጌታ ሥጋዬን ካልበላችሁ ደሜንም ካልጠጣችሁ ሕይወት የላችሁም ባለ ጊዜ ሰሚዎቹ ይህ ንግግር የሚያስጨንቅ ነው አሉ፤ ከደቀ መዛሙርቱም ብዙዎች ወደ ኋላ ተመለሱ። አስተውይ፣ ስለዚያ ስለምትሸሺው ስለ ቁርባን የተነገረ ትምህርት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰው ሸሽቶታል። ጌታ አሥራ ሁለቱን እናንተስ ልትሄዱ ትወዳላችሁን አላቸው። ጴጥሮስ «እኛማ ገብቶናል» አላለም። «ጌታ ሆይ፥ ወደ ማን እንሄዳለን? አንተ የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ» አለ። ንግግሩ አልገባውም፣ ተናጋሪውን ግን አብሮት ውሎ አድሮ ያውቀዋል፤ ዐማቱ በንዳድ ታማ ሳለ ቤቱ ገብቶ እጇን ይዞ ያነሣት እሱ ነው።

አንቺም የምታውቂው አለ። እንድትታመኚው የተጠየቅሽው አምላክ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ ያለቀሰ ነው። በመስቀል ላይ ሆኖም «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል፤ ያንን ጩኸት ተከትሎ ከሰማይ የመጣ የቃል መልስ በወንጌል አልተጻፈም። መልሱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፣ በነገር ሳይሆን በባዶ መቃብር። ስለዚህ «ለምን?» ብለሽ ስትጮኺ ከእምነት ውጭ የሆንሽ አይምሰልሽ።

እኛ የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ለምደናል። አንዱን ቃል መምህሩ በአንድ መንገድ ይተረጉሙታል፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ያመጣሉ፣ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመጨረሻውን ፍቺ ካላገኘሁ አላነብም የሚል ተማሪ የአንድምታ ጉባኤ ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም። የሃይማኖታችን ምሰሶ የሆኑትን ትምህርቶች፣ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ስትማሪ ቁርባን አራተኛው ነው፤ ከሥላሴ፣ ከሥጋዌና ከጥምቀት ቀጥሎ፣ ከትንሣኤ ሙታን በፊት። መምህራኑ እንጀራው ሥጋ፣ ወይኑ ደም መሆኑን ያስተምራሉ፤ እንዴት ስትያቸው በመንፈስ ቅዱስ ይሉሻል፤ ከዚያ በላይ አይመረምሩም።

አሁን ምን ልታደርጊ? ለንስሐ አባትሽ «ልቤ ቀዝቅዟል» የሚለውን እንዳለ ንገሪያቸው። ብዙ ሰው ለንስሐ ሲቀርብ ኃጢአቱን አሳምሮ፣ የተለመደውን ዘርዝሮ፣ በእግዚአብሔር ላይ ያደረበትን ቅሬታ ግን ደብቆ ይወጣል። አንቺ ከዚያ ጀምሪ። የተጣላሽው ሰው ካለ ታረቂ፤ ዘመዳችሁንም ጨምሮ፣ ቂም ይዞ መቅረብ አይሆንምና። የ18 ሰዓቱን ጾምና ሌላውን ዝግጅት እሳቸው እንደ አቅምሽ ይነግሩሻል፤ ጡት የምታጠቢ ወይም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሳትደብቂ አሳውቂያቸው። በሰማንያ ለተጋቡ ባልና ሚስትም ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ሰጥታ፣ በጸሎተ መዓስባን (በድንግልና ላልሆኑ ተጋቢዎች በሚጸለየው የጋብቻ ጸሎት) ባርካ በቁርባን የምታጸናበት ሥርዓት አላት፤ ዕድላችን አምልጦናል ብላችሁ አትተዉት።

ባለቤትሽን በየቀኑ አትጨቅጭቂው። ቅዱስ ጴጥሮስ ለቃሉ የማይታዘዙ ባሎች ያለ ቃል በሚስቶቻቸው ኑሮ ይማረካሉ ብሎ ጽፏል፤ እሱ ራሱ ባለትዳር ነበርና ያውቀዋል። እሱ ገና አልፈልግም ቢል የአንቺ ነገር እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባታችሁ ናቸው የሚወስኑት፤ ይህን ከሩቅ ሆኜ ልበይንልሽ አልችልም።

ልጆችሽን ማቁረብ እስከዚያው እንዳታቋርጪ። ግብዝነት መስሎሽ እንደሆነ አይደለም፤ አደራሽ ነው። የእናትሽ ሙት ዓመት ከደረሰ ደግሞ ስማቸው በቅዳሴ እንዲነሣ ለካህናቱ ንገሪ፤ የንስሐ አባትሽ ከፈቀዱ ያንኑ ቀን ለራስሽም ቁርባን መያዝ ትችያለሽ። ተጨማሪ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ።